ታንኳ እግር

አልጋዬ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አለች፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ምናልባት" የጠገበች።
ከየሞዴሉ ካርቶን የተረፈ፣
ለመጣል ሲያሳሳኝ እዚያው ያረፈ፦
ወንድም የሌለው ግራ ክንፍ፣
የቦምብ ጣይ አፍንጫ፣ የሄሊኮፕተር መስኮት፣
ሦስት ጎማ፣ አራተኛውን ምንጣፉ በልቶት፣
አንድ እጁ የጎደለ አብራሪ፣
ጥፍር የምታህል መሪ።

ከሁሉ ሥር፣ በጥጥ የተጠቀለሉ
ሁለት ታንኳዎች አሉ።
የዚያን ጊዜ መመሪያው ላይ ምርጫ ነበር፦
ጎማ ትገጥማለህ ወይስ ታንኳ እግር?
እኔ ባሕር የት አውቄ፣
ጎማ ገጠምኩ፣ መሬቱን አጥብቄ።
እንጀራዬም እሱው ነበር፤ ሃንጋር ውስጥ፣ ከክንፍ ሥር ተጋድሜ
የእውነተኞቹን ጎማ ሳጠብቅ ነው የጨረስኩት ዕድሜ።

አሁን ጡረታ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ።
ከበረንዳዬ የሚታየው ጠጠርና አሸዋ፣
ገና መንገድ ያልሆነ መንገድ፣
ከሱ ማዶ የማን እንደሆነ ያልለየ የጤፍ ማሳ።
በየደረጃው ቢጫ ጀሪካን ተራ ይዞ ቆሟል፣
አንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በከሰል ተጽፏል።
ውሃ የምትመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው፤ እሷም ከፈለገች፣
አንዳንዴ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ደክሟት ትመለሳለች።

እንግዲህ እዚህ ነው
የውሃ ላይ አውሮፕላን ልሠራ የተነሣሁት።

ክንፎቹ አይመጣጠኑም፤
ግራው ከእውነተኛው ሰባ ሁለት እጅ ያነሰ፣ ቀኙ አርባ ስምንት፣
አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ እንደቆሙበት።
በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣
ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩ።
ሙጫው ሲሸት መስኮት ከፈትኩ፤
አቧራው ገብቶ ክንፉ ላይ ተኛ፣
እንደገና ፈገፈግኩ።
ለአንቴናው የአስካለ መርፌ፣ ለሆዷ የአስካለ የጥፍር ቀለም፤
"ሽማግሌ!" አለችኝ፤ ጠርሙሱን ግን አልነጠቀችኝም።
የትኛውም ፋብሪካ አያውቃትም ይቺን፣
ሥዕሏ የለ፣ መመሪያ የለ፣
የት እንደሚለጠፍ የሚነግረኝ ቁጥር የለ።

ሲፈን ከሦስተኛ ፎቅ መጣች፣ ስምንት ዓመቷ፣
ጀሪካን እንድትቆጥር ልካት እናቷ።
"የት ነው የምታርፈው?"
አባ ሳሙኤል ግድብ፣ አልኳት።
"እሱማ እንቦጭ ነው። አጎቴ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ
ቅጠል ይዞ መጣ።"
ገፈርሳ፣ አልኳት።
"ዘበኛው ያባርራል።"
እሺ፣ ጣና።
"ነዳጅ አላት?"
ዝም አልኩ።
ሠላሳ ዓመት ሃንጋር የኖርኩ ሰው፣ ይሄን አላሰብኩትም።
በማግስቱ የክብሪት እንጨት ጠርቤ
ከሆዷ ሥር ሁለት በርሜል ገጠምኩ።
ባለ አንድ እጁን አብራሪ ግን ሲፈን ናት ያስቀመጠችው፤
"ሰላም ይበል ወይስ ይንዳ?" ብዬ ብጠይቃት
ጊዜ አልወሰደባትም፤
"ይንዳ።"

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ።
አየር ተነፈሰ፣ ዝገት ተፋ፣
ከዚያ መጣች።
ሕንፃው በሙሉ ነቃ፤ ባልዲ ከባልዲ ተጋጨ፣
አንዱ "ዝጋው!" ሌላው "ክፈተው!" እያለ ተንጫጫ።
አስካለ "በርሜሉን!" ትላለች፤
እኔ ሳፋ ይዤ ቆሜያለሁ።
ሲፈን የእናቷን ሲሊፐር እየጎተተች ደረጃውን ወጣች።

አስቀመጥናት።
ቀኝ ክንፏ ከብዷት አዘመመች፣
ቀኝ ታንኳዋ በስፌቱ ውሃ ጠጣች፣
ጅራቷን ወዘወዘች፣ ዞረች፣
ተንሳፈፈች።
ስንት ደቂቃ? እንጃ፣ አልቆጠርኩም።
አስካለ ከበርሜሉ ቀና ብላ
እስከ ክርኗ ርሳ አየቻት፤
"ቀለሙ የኔ ነው" አለቻት ለሲፈን።

ውሃውን አልደፋነውም። ጠዋት ሸሚዜ ታጠበበት፤
አንገትጌው ላይ ቀይ ነጥብ አለ፣ አይለቅም።
እሷ በረንዳው ላይ ትደርቃለች፣ አፍንጫዋን ወደ ማሳው አዙራ።
ሦስቱ ጎማ አሁንም ቆርቆሮው ውስጥ ነው።
ሲፈን ምንጣፉን ገልጣ
አራተኛውን ትፈልጋለች።