ለሁለት አይሠራም

ሎላንድ ላይ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣
ፀሐይዋ ረፋድ ላይ ወጥታም አታበራም፤
የስኳሩ ሥር ክምር ከነጭቃው ቆሟል፣
ከሁለቱ ፋብሪካ ያንዱ ዕድሜ አክትሟል።

“በኅብረት እንግዛው” አሉ፤ ባንኩ ጠየቀ፦ “ድምር ዕዳችሁ ስንት?”
ዝም አለ አዳራሹ እንደ ሌሊት ትምህርት ቤት።

ቶርኪል የሱን ያውቃል፤ ዘጠኝ መቶ ሺህ ክሮነር።
ከኤይናር ጋር ሠላሳ ዓመት፣ አጥር ለአጥር ሲኖር፣
ወሬው የነፋስ ነው እንጂ የዕዳ አልነበር።
ዕዳ እዚያ አገር እንደ ገላ ነው፤ ድርብ ልብስ ያለብሱታል፣
“ሆድ ይፍጀው” የሚል ቃል የላቸውም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል።

ሲሰል መጣች ከኦርሁስ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ፣
ሦስት የብስኩት ጣሳ በብብቷ ተደራርቦ።
“ቁጥራችሁን አትንገሩኝ፤ ቁጥራችሁን ስበሩት፤
ባልም ሚስትም ለየብቻ፣ በሦስቱ ጣሳ ጨምሩት።
ስባሪው ይግነን፣ ይነስ፣ ከዜሮም በታች ይውረድ፤
ሦስቱ የተገናኙ ዕለት ብቻ እውነቱ ይወለድ።”

ቶርኪል እርሳሱን ላሰ። በሺህ ቤት፣ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት፤
ቀጥሎ ስድስት መቶ ሰባት፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት፤
ሦስተኛው ሺህ ዘጠና አምስት። በልቡ ደመራቸው፤
ሌት የሚያባንነውን ቁጥር አይመስልም አንዳቸው።

“ጠባቂዎቹስ ቢማከሩ?” አለች አስታ ከኋላ፤
“እንግዲያ ወዳጅ አትምረጡ፤ ምረጡልኝ የተጣላ።”
ቄሱ አንዱን ያዙ። ሁለተኛውን የፋብሪካው ሰው ሆልገር፤
ሦስተኛውን ኤይናር፣ ከሁለቱም ጋር የማይነጋገር።
የሦስት ሰው ቂም ቁልፍ ሲሆን አየ መንደሩ ያን ማታ፤
ፍቅር ያላስጠበቀውን ምስጢር ኩርፊያ ጠበቀው በዝምታ።

“ዋሽቶ የጻፈስ?” አለ አንድ ድምፅ። እጇን ኪሷ ከተተች፤
“ምስጢርን ነው የምጠብቀው፤ ሰውን አይደለም” ብላ መለሰች።

ሃምሳ ሎሚ፣ ይላል ያገሬ ሰው፣ ላንድ ሸክም፣ ለሃምሳ ጌጥ፤
እዚህ ግን ሎሚው ተጨምቋል፤ የማን እንደሆነ አይገለጥ።

ቄሱ ጣሳቸውን ደመሩ፤ የወጣው ቁጥር ቅዠት፤
ሆልገር የሱን፣ ኤይናር የሱን፤ ለየብቻ ሁሉም ውሸት።
ሦስቱ ውሸት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ቆሙና
ሲሰል በጠመኔዋ አሰረቻቸው፦

አርባ ስድስት ሚሊዮን፣ ከስምንት መቶ ሺህ።

ማንም አልተነሣ።
የሻይ ማፍያው ብቻ ጮኸ፤ እሱንም የሚያጠፋው ጠፋ።

ለሃያ ስድስት አካፈለው ሁሉም ሰው በየልቡ፤
“የመንደሩ ጉድ እኔ ነኝ” ባዮች ቀና እያሉ ታዘቡ።
የሱ ዕዳ የአማካዩ ግማሽ! ደስ አለውና ቶርኪል፣
ወዲያው በደስታው አፈረ፣ ልቡን ያየ ሰው ይመስል።
የማን እንደሚከብድ አላወቀም፤ ማንም አላወቀ የሱን፤
ግን ኤይናር በሩ ላይ ቆሞ ያዘለት ካፖርቱን።
በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን።

ቤት ሲገቡ ራግንሂል ጓንቷን ምድጃው ላይ ሰቀለች፤
“ስንት ጻፍህ?” አላለችም። ድንች ልትልጥ ተቀመጠች።
“እኛም እንደ አዳራሹ እናድርግ” አለ፣ ቀልድ መስሎት፣
“ያንቺና የኔ ድምር ብቻ ይታወቅ፤ ሌላው ይቅር እንደ ምስጢርነት።”

የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ሃያ ዓመት የያዘች ሴት ናት።
ቢላዋዋን አስቀመጠች።
“ለሁለት አይሠራም” አለች።
“ከድምሩ ላይ የኔን ስቀንስ
የሚቀረው አንተ ነህ።”

ያኔ ትዝ አለው፤ እሷም ሦስት ወረቀት አጣጥፋ ነበር፤
አንዱን ስትጽፍ እጇ ቆሞ፣ ከአንገቷ ሥር ቀልቶ ነበር።
ጣሳ የለም። የተኳረፈ ጠባቂ የለም።
ዝናቡ የመስኮቱን መስታወት ይቆጥራል፣ ተሳስቶ ደግሞ ይጀምራል።

ቶርኪል ከኪሱ እርሳሱን አወጣ፣
ከልጣጩ መሀል በጠረጴዛው ላይ ገፋላት።
“አንቺ ደምሪው፤” አላት፤
“እኔ እቀንሳለሁ።”