አሥራ ሁለተኛው ፌሮ

ከትብሊሲ በታች፣ ሩስታቪ፣ ብረት ሲያቀልጥ የሚያድር ከተማ፣
በዘጠኝ ፎቅ እግር ሥር፣ በምድር ቤቱ ጨለማ፣
ቆይ አልኩት ቫዣን፤ መሰርሰሪያህን አውርድ፤
ግድግዳም ነገር አለው፣ ሳይጠየቅ አይታረድ።

እሱ ግን ቸኩሏል፤ የማሞቂያ ቧንቧ ሊያሳልፍ በዚያ፣
ከቀትር በፊት ሊጨርስ፣ ሳይደርስ የብርዱ መግቢያ።
«ስንት ቤት በስቻለሁ! አንድም ቀን አልሳትኩ»
ይላል፤ የግራ እጁ ጣቶች በተደበቀ ሽቦ ሲቃጠሉ ግን እዚያው ነበርኩ።

ጠመኔ አወጣሁ፤ መስመር ዘረጋሁኝ፣
በየአንድ ስንዝሩ አግድም ቁልቁል አሰመርኩኝ።
ባለ አራት ጎማዋን ሳጥኔን አስጠግቼ
ገፋኋት በቀስታ፣ ትንፋሼን ገትቼ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ቢሉም፣
አርማታ አይጠጣም፣ ሞቅ ብሎት አያወራም።
ማዕበል ነው የምልክበት፣ የማይሰማ ድምፅ፣
ገብቶ የሚመለስ ከብረቱ ገጽ።

በስክሪኑ ላይ ቅንድብ መሰሉ ብረቶቹ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ፊት የሌላቸው ቅንድቦቹ።
ሰማያዊ ለፌሮ። ቀዩን ያሰመርኩት ለኤሌክትሪክ ገመድ፣
ቫዣ ሊበሳ ካሰበው አራት ጣት ፈቀቅ ብሎ የሚሄድ።
አየውና ምራቁን ዋጠ።

ንድፉን ዘረጋን፤ የሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ዳሩን አይጥ የበላው።
አሥራ ሁለት ይላል፣ ማኅተም ያለበት።
አሥራ አንድ ይላል ግድግዳው። ደገምኩለት።
ባትሪ ቀየርኩ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤
ሰባተኛው ዘንድ ስደርስ፣ ዝምታ፤ አሸዋ ከጠጠር ጋራ።

«ማሽንሽ ታሟል» አለኝ። ከዚያ ተቀመጠ
በተገለበጠ ባልዲ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«የዚህን ቤት ፌራዮ አታውቂውም» አለ፤
«ሴቬሪያን፣ አባቴ ነው።» ቀና ሳይል ቀጠለ፦
«ግቢያችን ወይን አለ፣ ያጎነበሰ ግንድ፤
የደገፈው ብረት ነው፣ ሦስት ሜትር ከክንድ።
አምስት ዓመቴ ነበር፤ በሌሊት በትከሻው ሲያስገባ አየሁት።
‹ሆድ ይፍጀው› አለኝ። ሃምሳ ዓመት በሆዴ አቆየሁት።»

ከላያችን የልጅ ሩጫ፣ የወንበር ጉተታ ይሰማል።
ቤቱ አልወደቀም። አሥራ አንዱ ተጠጋግተው
የአንዱን ሸክም ይህን ሁሉ ዘመን ኖረዋል ተሸክመው።

«ለዚህ ነው ለካ» አለ ቫዣ፣ «ወይኑ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚለው!»
ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ዝም አሰኘው።

ቅጹ ላይ አሥራ አንድ ጻፍኩ፤ ለመሐንዲሱ ይነገራል፤
ማን ወሰደው የሚል ሣጥን የለውም፤ እሱ ይቀራል።

መሐንዲሱ እሺ እስኪል ጠበቅን። ሰባተኛው ላይ መስቀል ሣልኩ፤
«በዚህ ብሳ፣ ከሁሉ ባዶው እሱ ነው» ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ያን ቀን ብቻ ቀስ ብሎ በሳ፣
የሰው ደጅ እንደሚያንኳኳ፣ የተኛ እንዳይነሳ።
ምንም ብረት አልነካም። ሲጨርስ ዘወር አለ፤
አቧራው ቅንድቡ ላይ ነጭ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፣ አላለ።