ሠላሳ አንድ ፊደል

ከመናኸሪያው ጀርባ ስም ጠራቢ ነኝ፥
ሟች አይከራከርም፥ እሱ ነው የተመቸኝ።
አምና በሰኔ ግን ከማዘጋጃ ቤት
መጡ ሦስት ሰዎች፥ ማኅተም ያለበት
ደብዳቤ አንግበው፦
«ያገር ባለቅኔ፥ የድንበሩ ስንኝ
ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይቁም፥ ጎብኚ ሁሉ እንዲያገኝ።»

ድንበሩ ስሙ ነው። እናቱ ምን አይታ
እንዳወጣችለት የሚያውቁት እሷና ጌታ።

ስንኙ ይኸው ነው፦

«ያባትህን በሬ ስትፈታ ከቀንበር፥
ቀንበሩን አትርሳ፥ እሱምኮ ዛፍ ነበር።»

አንዱ «በሲዳምኛም ይጻፍ» አለ፥ አንዱ «በወላይትኛስ?»
ሌዳሞ፥ ረዳቴ፥ ሹክ አለኝ፦
«አክስቴ ሙሾ ስታወርድ መንደር የሚቆምላት፥ እሷስ?»
ሦስተኛው ሰዓቱን አይቶ በጣቱ ቆጠረ፦
ሠላሳ አራት ፊደል።
ለሠላሳ አንድ ነው በጀቱ የነበረ።
«‹ነበር›ን አውጣት» አለኝ፥ «ሦስት ፊደል ትበላለች፥
ሕዝቡ በቃል ያውቀዋል፥ ባፉ ትሟላለች።»

ሃያ ዓመት ያበላኝ ይኸው ቃል አይደለም?
መቃብር ያለ «ነበር» አፍ እንኳ የለውም።
ግን ከፋይ ነው ጌታ። በመሮ፥ በመዶሻ፥
«እሱምኮ ዛፍ» ብዬ አቆምኩት
እንደ ጭራ ቆራጣ ውሻ።

ሪባን ተቆረጠ፥ ንግግር ዘነበ፥
ራሰ በራው አሞራ ብቻ
ከሾላው ላይ ሆኖ ቁልቁል አነበበ።

በማግስቱ ሲሚንቶውን ልፍቅ ማለዳ ሄጄ፥
አንድ ዓሣ አስጋሪ አየሁ፥ ቆምኩ መሮዬን ይዤ።
በራሶ ይሉታል፤ መረቡ ከትከሻው፥
ፊደሎቹን በጣቱ እየዳሰሰ አንድ ባንድ ለቀማቸው።
«ያ... ባ... ት... ህ... ን» ሲል ፀሐይዋ ወጣች፥
«ቀንበሩን» ጋ ሲደርስ ሐይቁ ላይ ተኛች።
«ዛፍ» አለና ቆመ። ፈለገ ቀጥሎ፥
ከድንጋዩ ኋላ ዞሮ አየ
ተጽፎ ይሆናል ብሎ።

ከዚያ ወደ ውኃው፥ ወደ ጀልባው ዞረ፥
ሆዷን መታ መታ አርጎ፥
«ይቺም» አለና ቀዘፈ፥ ተሻገረ።

ዘንድሮ የሦስቱ ፊደል በጀት ተገኘ ብለው
ደወሉ። «ና ጨርሰው።»

መሮዬ ደንዟል አልኳቸው።