ስም ጥሪ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ አርባ ሁለት፣ ግራውንዱ ላይ፣
ለሱቅ ታስቦ የተሠራ፣ ለእኛ የደረሰን፣ ፀሐይ የማያይ።
ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ጭቃ በእንጨት እንፍቃለን፣
ሠላሳ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ቀኙን ከግራው እናስታርቃለን፤
ከዚያ ደብተሬን ገልጬ ስም እጠራለሁ።

"ያፌት መንገሻ?" "አቤት!" ጎረቤት እስኪሰማ።
"ሀናን ከድር?" "አቤት!" ቆማ በአንድ ጫማ።
"ማርኮን ዳና?" "አቤት! አቤት!" ሁለቴ፣ እንዳይቀርበት።
"ሶሬቲ ጉታ?"
ዝም። ነፋስ ብቻ በመስኮት።

"አለች ቲቸር! አለች!" ይላል ያፌት ስለ እሷ፣
ማንም ያልቀጠረው ጠበቃ፤ እሷ ዝቅ ይላል ራሷ።
ራይት አደርጋለሁ። ሁለት ወር ከሳምንት ሙሉ
ድምፅ የሌላቸው ራይቶች በስሟ ትይዩ ተደረደሩ።

አባቷ ዘበኛ ነው፣ ካላለቀው ሕንፃ ሥር፤
ቤታቸው ቆርቆሮ፣ በአሸዋ ክምርና በብረት መሃል፣ ያለ አጥር።
ስንቱ ዕጣ ወጥቶለት ቁልፉን እያንቃጨለ ሲገባ
የሰውን በር ይጠብቃሉ።

ግን እጆቿን ልንገራችሁ።
እናት በጠዋት ጥድፊያ በኃይል የጠመዘዘችው፣
እኔን ያቃተኝ፣ ማርኮን በጥርሱ ሞክሮ የተወው
የምሳ ዕቃ ክዳን
ቀሚሷን ጫፉ ላይ ጠቅልላ፣ ቀጭ! ትከፍተዋለች፤
በሰልፍ ይጠብቋታል፤ አንዱን መልሳ ሌላውን ትቀበላለች፣
ፓስታው ሳይበተን፣ ሽሮው ሳይፈስ።
ማንም አያመሰግናትም። ርቧቸዋላ።

እኔስ? ዘንድሮ ተቀጠርኩ፤ ዲፕሎማዬ ገና ጥቅልል ነው፤
ርዕሰ መምህሯ በሩን ስትገፋ ድምፄ የት እንደሚገባ አላውቀው።
መብራት ሲሄድ በስልኬ ባትሪ ዕቅዴን ሦስቴ እገለብጣለሁ፣
መስታወት ፊት ቆሜ "ልጆች፣ ደህና አደራችሁ?" እላለሁ።
መስታወቱም እንደ ሶሬቲ ነው።

በኅዳር ጨ ላይ ደረስን።
"ጨ! ጩ! ጪ!" የግድግዳው ቀለም እስኪረግፍ፣
"ጫ! ጬ! ጭ! ጮ!" ሀናን በጭብጨባ ስትደግፍ።
ሶሬቲ ከንፈሯን ብቻ፣
ድምፁን እንዳጠፉት ቴሌቪዥን።

ማክሰኞ ሱፐርቫይዘሩ መጡ፤ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣
ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ እስክሪብቶ ከኪስ አወጡ።
ጠመኔዬ ተሰበረ። ጨን ስጽፍ ጠ ሆነብኝ።
"ጬን ማን ያሳየኛል?" አልኩ። ሁሉም ጣሪያ አየብኝ፣
ያፌት እንኳን።
ማስታወሻቸውን ከማዶ፣ ተገልብጦ አነበብኩት፤ "ተሳትፎ፦ ዝቅተኛ።"
ያቺን ቃል ይዣት አደርኩ፣ እሷም እንደኔው ሳትተኛ።

ሐሙስ ያለ ወቅቱ ዘነበ። አባቷ ዘገየ።
ከታዛው ሥር ቆመናል፤ የሚኒባሱ ረዳት
"ኮዬ! የሞላ!" ይላል፣ ባዶ ወንበሩን እያሳየ።
ሹራቤ ተጎተተ። ቀና ብዬ ጣቷን ተከተልኩ፣
ከሚኒባሱ ጣሪያ ታፔላው ላይ ደረስኩ።
"ጬ" አለች።
"ምን?"
"ጬ። መጨረሻ ላይ ያለችው።"
መኪናው ጭቃ ረጭቶን ሄደ። ጬን ይዟት፣ ወደ ሰፈሯ።
ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋት፤
ክዳን በግድ ሲከፈት የሚፈሰውን ከእሷ ተምሬያለሁ።

ዓርብ። ጭቃ። እንጨት። ደብተር።
"ሶሬቲ ጉታ?"
ያፌት አፉን ከፈተ፣ እንደ ልማዱ።
ትንሽ እጅ ከጎኑ መጥታ አፉን ገጠመችው፤
ክዳን ስትከፍት የከረመች እጅ
ዛሬ ራሷ ክዳን ሆነች።

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ጠበቅሁ።
አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፣
ያለችውንም ግማሹን ይዞ ከነፈ፤
ከ"አቤት" ውስጥ
ለእኔ የደረሰኝ "ቤት" ብቻ ነው።

ራይት አደረግኩ፣
ወረቀቱ እስኪቀደድ።