አንዲት «ተ»

ማሪንያ ግራንዴ፣ ከጥድ ደኑ ማዶ፣
አሸዋ ይቀልጣል ሌት ተቀን እሳት ነዶ።
እኔ ግን እሳቱን በመስኮት ነው የማውቀው፤
መዝገብ ነው ሥራዬ፣ ጥፋት ነው የምጠብቀው።
ማን አርፍዶ መጣ፣ ማን ምን አበላሸ፣
ማን ከፈረቃው ላይ ሹልክ ብሎ ሸሸ፣
ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ እጅ ጻፍሁት፤
ቀኑን ከነሰዓቱ በቁጥር አሰርሁት።

ሰኞ ዴኦሊንዳ፣ ከማሸጊያው ክፍል፣
ሃያ አራት ብርጭቆ ይዛ ስታልፍ በእርጥቡ ወለል፣
አዳለጣት። ሁሉም ወደቀ። ሁሉም አለቀ።
ወለሉ ለምን እንደራሰ ያልሰማ የለም፤ ሁሉም ዐወቀ።
ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱን ያዘ፤
የጥገናው ማመልከቻ ላይ ቤት፣ ከመሳቢያ ደነዘዘ።
እኔም ብዕሬን አነሣሁ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍሁኝ፦
«ዴኦሊንዳ ሰበረች»፤ በአራት ነጥብ ዘጋሁኝ።
የሁለት ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት።
ፈርማ ሄደች። ጣቷ ላይ ስባሪ ነበረባት።

ዓርብ ሌሊት ደግሞ ሳልዳንያ፣ ኢንጂነሩ፣ የላይኛው ፎቅ ሰው፣
የምድጃውን ደወል «እንቅልፍ ነሣኝ» ብሎ በገዛ እጁ ዘጋው።
ሲነጋ ምድጃው ከነሆዱ ረግቶ፣
አሥራ ሁለት ቶን መስታወት እንደ አለት ተኝቶ፣
ዘጠና ሰው ለሁለት ወር «ቤታችሁ ቆዩ» ተባለ።
የላይኛው ፎቅ መብራት ግን እንደ በራ አለ።

ማንም አላዘዘኝ። ማንም አልተቆጣኝ።
እጄ ራሱ ያውቃል፤ መንገድ አልጠየቀኝ።
«ምድጃው ተበላሸ» አለ የብዕሬ ጫፍ፣
አድራጊው ሳይጠራ፣ በጎን በኩል ሲታለፍ።

ጉዱ አንዲት «ተ» ናት፣ ከግሡ ፊት ተገትራ፣
እንደ ሆቴል ዘበኛ በወርቅ ቁልፍ ኮት ተከብራ፤
ላይኛው ሲመጣ ባርኔጣ ታነሣለች፣
ታችኛው ሲፈልጋት ከበሩ ላይ የለች።
«ሰበረች» እና «ተሰበረ»፤
በመሃላቸው የሰው ደመወዝ ቀረ።

ሳልዳንያ ሊዝቦን ሄደ።
ተሾመ፣ ተዛወረ፣ ተመሰገነ፤
ሦስት «ተ» አጅበውት እንደ ሙሽራ ሆነ።
በእራቱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ሰጠነው፣
እኛው የነፋነውን። እኔም ካርዱ ላይ ፈርሜያለሁ። ሌላ ምን ልል ነው?

ዴኦሊንዳ ከሁለቱ ወር በኋላ፣ ፋሻዋ ሳይፈታ፣
ደመወዝ ልትጠይቅ መጥታ፣
መዝገቡን ከወዲያ ማዶ፣ በግልባጩ አነበበች።
ፊደል በግልባጩ ማንበብ የት እንደ ተማረች
አልጠየቅኋትም። ጣቷን በሰኞ ላይ አኖረች፣
ከዚያ በዓርብ ላይ። ድምፅዋን ሳታነሣ፣
«ሴኞር ኤርኩላኑ፣
የኔም ብርጭቆ እኮ ተሰበረ» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረች።

ማታ፣ ፈረቃው ሲለወጥ፣ መዝገቡን ገለጥሁት፤
የዓርቡን ገጽ ፈልጌ ከመብራት ሥር አኖርሁት።
«ተ»ዋን ሰርዤ «አ»ን በቦታዋ ተከልሁ፣
«ሳልዳንያ አበላሸ» ብዬ ስም ሰጠሁ።
ከሥሩ፣ እጄ እየራደ፣ አንድ መስመር ጨመርሁ፦
«ኤርኩላኑ ጽፏል። ሰኞም፣ ዓርብም። ዐውቆ።»

ለጡረታዬ አሥራ አራት ወር ቀርቷል።
ደፋር ከመባሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር፣ በቅድሚያ እወቁት፦
በእርሳስ ነው የጻፍሁት።
ላጲሱም እዚያው ነው፣ ከእጄ በአንድ ክንድ ርቀት።