ብርና ወርቅ

ባንኮክ ገና አልሞቀችም፤ ፀሐይ ከፎቅ ጀርባ
በመስታወት ዞራ ሐይቁ ላይ ስትገባ፣
አምፖን ጫማዋን አጥብቃ፣ ጃንጥላዋን ይዛ
እንደ ልማዷ መጣች፣ በአውቶቡስ ተጉዛ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትኬት ቆርጣለች በዚያው መስመር፤
ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትቆጥረው የሐይቁን ዙር።

ዛሬ የልጅ ልጇ አብሯት አለ።
ፑን። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ደረጃውን ሁሉ የዘለለ፣
እጁ ላይ ስንጥር፣ ስንጥሩ ላይ ቋሊማ፣
"ቀስ በል" የሚለውን ቃል ጆሮው የማይሰማ።

ሐይቁን የቆፈረው ሰው ነው፤ የማይካድ ነው ነገሩ፤
ግን ዓሣው መጣ፣ ኤሊው መጣ፣ ሳቢሳው ቆመ ባንድ እግሩ፤
የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ሰፈሩ።
ማዶ አሮጊቶች በቀይ ማራገቢያ ይደንሳሉ፣
ሯጮች በላብ ርሰው ያልፋሉ፤
በእግር የሚነዱት ጀልባዎች ዳክዬ መስለው ታስረዋል፣
አንዱ የፕላስቲክ አናት ላይ እውነተኛ ቁራ ቆሟል።

ድንገት ውሃው ተሰነጠቀ።
አፍንጫ ወጣ፤ አንገት ወጣ፤ ጀርባ ወጣና አላለቀ፤
ከዚያ ጅራት፣ ጅራት፣ ገና ጅራት።
አርጃኖ! ከልጁ ቁመት እጥፍ የሚሆን በርዝመት፣
ከአናቱ እስከ ጥፍሩ ጭቃ የለበሰ፣
እንደ ባለርስት እየተንጎማለለ ሣሩ ላይ ደረሰ።

"አያቴ! አዞ!"
"አዞስ አይደለም። ቁም እዚያው።"
"ታዲያ ስሙ ማነው?"
አምፖን አመነታች። በዚያ አገር የዚህ ፍጥረት ስም ስድብ ነው፤
ሾፌር ለሾፌር በመስኮት የሚወረውረው፣
እሷም በሥራ ዘመኗ ጆሮዋ የጠገበው፤
ልጅ ፊት አይጠራም።
"ብርና ወርቅ ነው፣" አለች፣ ጨዋ ሰው እንደሚለው።
"ወርቁ የታለ?" አለ ፑን፣ ጭቃው ላይ ዓይኑ እየቆየ።
"ራቅ ካሉ ይታያል። አሥር እርምጃ ሂድ ወደኋላ።"
ፑን ሦስት ሄደና ቆመ፤ ቋሊማውን አየ፤
ክንዱን ሳበ ሊወረውር፤ እሱም ይብላ።

"ተው ልጄ። ዛሬ ከእጅህ ከቀመሰ
ነገ የሌላ ልጅ እጅ ይነክሳል፤ 'ሰው ነከሰ'
ተብሎ በገመድ ይጎተታል። እኛ እንግዶች ነን እዚህ፤
እንግዳ ባለቤትን አያጎርስም። አንተው ብላው፣ የያዝከውን በእጅህ።"

ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከዛፎቹ መሃል
የድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ የአገሩ መዝሙር ይሰማል።
ሯጩ ቆመ፤ የሚሮጠው ላቡ ብቻ ሆነ።
ማራገቢያው ታጠፈ፤ የጠራጊው መጥረጊያ ሰከነ።
ፑንም ትምህርት ቤት እንዳስለመዱት
ክንዱን ከጎኑ አጣበቀ፤ ቋሊማው ተንጠለጠለ ወደ መሬት።

ያልቆመ አንድ ብቻ።
ግራ እጅ፣ ቀኝ እግር፣ ሆዱን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ
በተገተረው ሕዝብ መሃል አርጃኖው መንገድ ከፈተ፤
ከፑን ጫማ አጠገብ ምላሱ ብቅ አለ፣
እንደ መንታ ክር፤ አየሩን ቀምሶ፣ ልጁን ትቶ ቀጠለ።

ያኔ ነው ያየው፤ ከጭቃው ሥር፣ በጎኑ ረድፍ ረድፍ
ቢጫ ነጥብ፣ ቢጫ ቀለበት፣ በብርሃን ሲያልፍ።
አሥር እርምጃ አልራቀም፤
መንቀሳቀስ ስላልቻለ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

መዝሙሩ አለቀ፤ ከተማው እንደገና ሮጠ።
የቀዘቀዘ ቋሊማውን ልጁ ቁጭ ብሎ ዋጠ።

በመልሱ አውቶቡስ፣ ሞተር ብስክሌት መንገድ ሲያቋርጠው
ሾፌሩ ያንን ቃል ጮኾ ወረወረው።
"እንስሳው ምን በደለህ?" አለ አንድ ተሳፋሪ፣ እየሳቀ።
አምፖን አሳላት። ፑን ስሙን ዐወቀ።

ማታ እናቱ ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ
ስብ የነካው ስንጥር ወጣ። "ምንድነው ይሄ፣ አንተ ቀበጥ?"
"እንዳይውጠው ብዬ።"
"ማን?"
ፑን አመነታ፤ እንደ አያቱ፣ ለጥቂት።
"ብርና ወርቅ፣" አላት።