መግቢያው

ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራ ስመላለስ፣
ከፋልኮንሪጅ ወጥቼ ሆስፒታሉ እስክደርስ፣
ሃያ ሦስት መብራት፣ አራት የትምህርት ቤት በር፣
አንድ የባቡር ሐዲድ፣ አንድ የዳቦ ቤት አጥር፣
ቆጥሬ ነው የማልፍ፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ አንድ መዝሙር ሳልገድፍ።

ሰው ሲጠይቀኝማ፣ «በዲርፉት ለምን አትነጂም?
ሩብ ሰዓት አይፈጅም!»
መልስ አጥቼ አላውቅም።
«ቤንዚን ይቆጥባል» እላለሁ። አይቆጥብም።
«ዛፎቹ ደስ ይሉኛል» እላለሁ።
በጥር፣ በካልጋሪ፣ ቅጠል የሚባል የለም።

ሆዴ ነው የሚያውቀው፤
ያቺ ጥምዝ መግቢያ ናት ጉልበቴን የምታብረከርከው።
በመቶ የሚከንፍ ብረት፣ ብረት ለብረት ተያይዞ ሲነጉድ
«መሐሉ ግቢ» ይሉኛል። ማን ሊለቅልኝ መንገድ?
እኔ እኮ ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ሰው ፈቀቅ እስኪልልኝ
ጫማዬን እያየሁ ደጃፍ የምቆም ነኝ፤
ሱቅ ውስጥ ተራዬን ሲቀሙኝ
«እኔ ነበርኩ» የምትል ቃል ጉሮሮዬን የምታንቀኝ።

ማክሰኞ ለት፣ ብርዱ ሠላሳ ከዜሮ በታች፣
የማሪቴስ መኪና አልነሣ አለች።
እጥበት ክፍል አብረን አንሶላ የምናጥፍ፣
የሚንዳናዎ ልጅ ናት፣ ወሬዋ የማያልፍ፤
የቁርስ ዕቃዋን ታቅፋ አጠገቤ ገባች።

ሄድን። አምስተኛው መብራት ጋ ቧንቧ ፈንድቶ ኖሮ
መንገዱ በረዶ ነው፣ ዙሪያው በገመድ ታጥሮ፤
ብርቱካናማ ቀስት ወደ ግራ ይጠቁማል።
ግራው መግቢያው ነው። ከኋላዬ አውቶቡስ ቆሟል።

ማሪቴስ እንቁላሏን አወጣች።
በጥፍሯ፣ ቀስ ብላ፣ ቅርፊቱን ትልጣለች።
እኔ ልሞት ነው፤
እሷን የጨነቃት የጨው ብልቃጧ ነው።

ያኔ አቶ ደባልቄ ትዝ አሉኝ፣ መንዳት ያስተማሩኝ፣
የታክሲ ሰው፣ አፈ ሻካራ፣ በየማዕዘኑ የጮኹብኝ፦
«አንቺ ሴትዮ፣ ፍሬን እኮ ወንበር አይደለም፤ አትቀመጪበት!»
ያን ቀን አኩርፌ ወርጄ ነበር።
ዛሬ እግሬን አነሣሁለት።

ነዳጁን ረገጥኩት። አሮጌዋ ኮሮላ አጓራች፣
ከእኔ ይልቅ እሷ ደነገጠች።
ግራ መስታወቴን ሞልቶ አንድ ከባድ መኪና፣
ፊቱን ያላየሁት ሾፌር፣
መብራቱን አንዴ ብልጭ አድርጎ
ፈቀቅ አለልኝ።
ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው፣
ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «እዚህ ጋ» እንደሚለኝ፣
ፈቀቅ አለልኝ።

ገባሁ።

አልጮህኩም፤ መተንፈስ ብቻ ነው የረሳሁት፣
ድልድዩ ላይ ስደርስ ነው ያስታወስኩት።
ከታች ቦው ወንዝ በብርዱ ይጨሳል፤
በቀኝ በኩል፣ ሩቅ፣ የተራራው ጫፍ ቀልቷል።
ሰባት ዓመት ሙሉ በጣሪያና በጣሪያ መሐል ቁርጥራጭ ነበር የማያቸው፤
ለካ ተራሮቹ ሙሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። መውጫዬን አለፍኩ።
ሁለት ድልድይ ርቄ፣ ዞሬ፣ ዘጠኝ ደቂቃ አረፈድኩ።
አለቃችን ሰዓቷን አየች፤ ስሜን ጻፈችው።
ማሪቴስ የእንቁላሏን ግማሽ መዳፌ ላይ አኖረችው።
ጨው በዝቶበታል።
በላሁት።

ረቡዕ በድሮው መንገድ ሄድኩ፤ ምን እዋሻለሁ።
ሐሙስ መግቢያው ጋ ደርሼ፣ ልቤ ድው ድው እያለ፣ አለፍኩት፤
የዳቦ ቤቱን አጥር ዞሬ ግን ተመለስኩለት።

ማታ ለማሪቴስ ደወልኩ፦ «መኪናሽ ተሠራች?»
«ገና ናት» አለች።
«ተያት እስቲ፣ ትንሽ ትረፍ። ነገም እኔ እመጣለሁ።
እንቁላሉን ሁለት አድርጊው።
ጨው ቀነስ።»